ፈሳሽ ሳሙና የጥንቸል አይን ላይ ሳይሞከር ማረጋገጥ ይቻላል?

የከዚራዋ፦
ሰላም ለናንተ፣ ድሬ ነኝ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፈሳሽ ሳሙና ማምረት ጀምረናል እና የሚያማክሩን ሰውዬ አይን እንደማይጎዳ ለማሳየት ጥንቸል ላይ ካልተሞከረ አይሆንም አሉን። አንድ ላብ ወስደውን ሲሰራ አየሁ፣ የጥንቸሏን የታች የአይን ቆብ ሳብ አርገው ጠብ አደረጉባት፣ ሌላኛውን አይኗን ለማነጻጸሪያ ተዉት፣ ትንሽ ቆይቶ ቀልቶ አብጦ እንባዋ ይወርዳል፣ ይኸው ሳምንት ሆነኝ ከፊቴ አልጠፋም። ሌላ መንገድ አለ ይባላል ግን ማን ይቀበለዋል? የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ

የጀጎል ልጅ፦
እህቴ መንገዱስ አለ። ያየሽው ድሬይዝ ቴስት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ያለ። አሁን ግን 437 የሚባል የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ አገሮች በጋራ የሙከራ መመሪያ የሚያወጡበት) ጋይድላይን አለ፣ 2009 ላይ የወጣ፣ የሚሰራውም ለስጋ ከታረደ ከብት በሚወሰድ አይን ነው። አይኑ ከቄራ በበረዶ ይመጣል፣ ኮርኒያው (የአይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ተቆርጦ መያዣ ላይ ይገጠማል፣ ፈሳሽ ከሆነ 10 ደቂቃ ይቀመጥበታል፣ ታጥቦ 32 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰአት ይቆያል፣ ከዛ ምን ያህል እንደደፈረሰ በብርሃን ይለካል፣ ፍሎረሰን የሚባል ቀለምም ይፈስበታል። ጤነኛ ኮርኒያ ቀለሙን አያሳልፍም፣ የተጎዳው ግን ያንጠባጥባል። የሁለቱ ውጤት ተሰልቶ ከ55 በላይ ከሆነ ከባድ ጉዳት ነው፣ ከ3 ካላለፈ ችግር የለውም፣ መሀል ላይ ከወደቀ በዚህ ብቻ አይወሰንም ሌላ ቴስት ይጨመራል

ላብ_ሳቢያን፦
ማን ይቀበለዋል ያልሽው ነው ዋናው ጣጣ። አንዱ አገር ያረጋገጠውን ዘዴ ሌላው አላምንም ብሎ ከዜሮ ከጀመረ ስንት አመት ይባክናል፣ እስከዛ ጥንቸሉ ይሰቃያል። ለዚህ ነው 2009 ላይ አሜሪካ፣ የአውሮፓ ህብረት፣ ጃፓንና ካናዳ አይካትም የሚባል የጋራ ስምምነት የፈረሙት፣ ኮሪያ 2011 ገባች። አዲስ ዘዴ ሲፈተሽ ስሙ ያልተጻፈ፣ ኮድ ብቻ የተለጠፈበት ኬሚካል ለተለያዩ ላቦች ይላካል፣ ማንም ምን እንደያዘ አያውቅም፣ ሁሉም ለየብቻው ሰርቶ ውጤቱ ካልገጠመ ዘዴው ወደቀ ማለት ነው። ካለፈ ደግሞ እጃቸው የሌለበት ባለሙያዎች ይገመግሙታል፣ ከዛ ነው ወደ ኦኢሲዲ የሚሄደው። እዛ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ በጋይድላይኑና በጂኤልፒ (የላብ ስራ የጥራት ደንብ) የተሰራ ዳታ አንዱ አባል አገር ከሌላው ይቀበላል። እኛ አባል አይደለንም፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ይሄ ዳታ የመቀባበል ስምምነት ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ አይን ከቄራ አምጥታችሁ ራሳችሁ ብትሰሩት ፎርሙላ ለማጣራት ይጠቅማችኋል እንጂ እንደ ሰርተፍኬት አትያዙት። የኛም ላቦች እነዚህ የጋራ ሙከራዎች ላይ ኮዱን ተቀብለው ሲሰሩ ባይ ደስታዬ ነው፣ ቄራ በየከተማው አለን እኮ

የጀጎል ልጅ፦
አቦ አንድ ነገር ረስቼ፣ መጀመሪያ የሳሙናውን ፒኤች (አሲድ ወይ አልካሊ መሆኑን የሚያሳየውን ቁጥር) ለኪ። 2 እና ከዛ በታች ወይ 11.5 እና ከዛ በላይ ከሆነ አይን ያቃጥላል ተብሎ ነው የሚወሰደው፣ እንስሳ ላይ አይሞከርም። ካስቲክ ሶዳ የበዛበት ሳሙና እዛ ይደርሳል። የየጥሬ እቃውን የሴፍቲ ወረቀትም ከሻጩ ጠይቂ

የከዚራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ማታውኑ በፒኤች ወረቀት ለካነው፣ 9 አካባቢ ነው። ጋይድላይኑንም በነጻ አወረድኩት፣ ፕሪንት አርጌ ሰውየው ሰኞ ሲመጡ አሳያቸዋለሁ። ጥንቸል ግን አላስነካም