ከሊስፕ የሲ ላይብረሪ ስጠራ ሚሞሪ ያልቅብኛል፣ ረዘም ያለ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል

የአራት ኪሎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ላለ ባልትና ቤት ስቲከር የሚያትም ፕሮግራም በኮመን ሊስፕ እየሠራሁ ነው። የምጠቀመው ኤስቢሲኤል የሚባለውን የሊስፕ ኮምፓይለር ነው። ጽሑፉን ወደ ምስል የሚቀይረው ግን ጓደኛዬ በሲ የጻፈው ላይብረሪ ስለሆነ በሲኤፍኤፍአይ (ከሊስፕ የሲ ፈንክሽን መጥሪያ) ነው የምጠራው። ጠዋት 80 ሜጋባይት ይዞ የሚነሳው ከሰዓት 2 ጊጋ ይገባና ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ሁለተኛው ይብሳል። «ሰላም» ስለው ይሠራል፣ «የተፈጨ በርበሬ አንደኛ ደረጃ» ስለው ድርግም! ለጽሑፉ ከሊስፕ ውጪ ቦታ የምይዘው በፎሪን-አሎክ ነው፣ ፊደሉን በሌንግዝ ቆጥሬ የሲ ጽሑፍ ማብቂያ ለሆነችው ዜሮ አንድ እጨምራለሁ። ሊስፕ ሚሞሪውን ራሱ ያጸዳ የለ እንዴ?

ቡና ያለ ስኳር
እህቴ፣ ከበርበሬው ልጀምር። ሌንግዝ የሚቆጥርልሽ ፊደል ነው እንጂ ባይት አይደለም። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያው) የኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። የበርበሬሽ ጽሑፍ 15 ፊደልና 3 ክፍት ቦታ ነው፣ 48 ባይት፣ ከዜሮዋ ጋር 49። አንቺ የያዝሽው 19 ነው። «ሰላም»ም ቢሆን ልክ አልነበረም፣ 10 ባይት ለሚፈልገው 4 ነው የሰጠሽው፣ ግን ማሎክ (ከሥር ሚሞሪውን የሚሰጠው የሲ ፈንክሽን) አብዛኛውን ጊዜ ከተጠየቀው ትንሽ አስፍቶ ስለሚሰጥ ሳይታወቅ አለፈልሽ። እንደዚህ ያለው ነው የሚያበሽቀው። በእጅሽ መቁጠሩን ተዪውና ዊዝ-ፎሪን-ስትሪንግ ተጠቀሚ። ቆጥሮ ይይዛል፣ ስትወጪም ራሱ ይለቃል። ግን ጓደኛሽን ጠይቂው፦ ላይብረሪው ፖይንተሩን (የጽሑፉን የሚሞሪ አድራሻ) ለኋላ ያስቀምጠዋል? ካስቀመጠው አይሆንም፣ አንቺ ስትወጪ የተለቀቀ ቦታ ይዞ ይቀራል።

ካዛንቺስ 64
የ2 ጊጋው ነገር፦ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (ሚሞሪ የሚያጸዳው የሊስፕ ክፍል) የሚያየው የሊስፕን ሚሞሪ ብቻ ነው። ለሱ ምስልሽ አንዲት ፖይንተር ናት፣ ከኋላዋ ስንት ሜጋ እንደተጎለተ አያውቅም። የያዘው ይልቀቅ። ላይብረሪው የሰጠሽን በላይብረሪው መልቀቂያ ፈንክሽን ነው የምትለቂው፣ በፎሪን-ፍሪ አይደለም። ሥራውን ሁሉ አንዋይንድ-ፕሮቴክት ውስጥ አድርጊው፣ መሀል ላይ ስህተት ቢነሳም መልቀቂያው ይጠራል። ፋይናላይዘር (አንድ የሊስፕ ዕቃ ሲጸዳ የሚጠራ ፈንክሽን) ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው፣ ግን መቼ እንደሚጠራ ስለማይታወቅ እሱን ተማምነሽ አትተኚ።

የአራት ኪሎዋ
ደወልኩለት። ፖይንተሩን አያስቀምጥም፣ መልቀቂያ ግን ጭራሽ አልጻፈም ነበር 😂 ሻይ እየጠጣን ጻፈልኝ። ለመጠባበቂያ ብዬም በትሪቪያል-ጋርቤጅ ላይብረሪ ፖይንተሩን በያዘው የሊስፕ ዕቃ ላይ ፋይናላይዘር አሰርኩ፣ ሲጠራ መልእክት እንዲጽፍ አድርጌ። ሆን ብዬ ሳልለቅ ተውኩት፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን ደጋግሜ በእጄ ጠራሁት፣ አንድም መልእክት የለም።

ካዛንቺስ 64
ለፋይናላይዘሩ የሰጠሽው ላምዳ (ስም የለሽ ፈንክሽን) ውስጥ ዕቃውን ራሱን ጠቅሰሻል፣ ወይ? ከጠቀስሽው ፋይናላይዘሩ ዕቃውን ይዞት ይኖራል፣ ስለዚህ መቼም አይሞትም። ፖይንተሩን ብቻ ቀድመሽ አውጪና እሷን ስጪው። በእጅሽ ከለቀቅሽ ደግሞ ፋይናላይዘሩን ሰርዢው፣ አለዚያ ሁለቴ ይለቀቃል፣ ያ ከመጀመሪያው ይብሳል።

የአራት ኪሎዋ
እውነትህን ነው፣ ዕቃውን ራሱን ነበር የጠቀስኩት። አስተካክዬ መብራት እስኪሄድ ድረስ ሳትም ዋልኩ፣ ከ95 ሜጋ አላለፈም። በርበሬውም ታትሟል፣ አሁን ባለሱቋ የሽሮውን ጽሑፍ አስረዝሚልኝ እያሉኝ ነው።