የሳይንስና የፍልስፍና ጣምራ ኮርስ፦ ለኮሌጁ በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የአባላት የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ደሴ

የተከበራችሁ አባላት፣ ኮሌጁ ለመጀመሪያ ዲግሪ በሚከፍተው የሊበራል አርትስ መርሐ ግብር ውስጥ ሳይንስና ፍልስፍና እንዴት ቢሰጡ እንደሚሻል ማኅበራችን ሐሳብ እንዲያቀርብ ስለተጠየቀ፣ ጸሐፊያችን ያዘጋጁት ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷችኋል። ረቂቁ ሁለት ኮርሶችን ይዟል፤ በአንደኛ ዓመት የሳይንስ ታሪክ፣ በሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ፍልስፍና፣ እያንዳንዳቸው በ3 ክሬዲት። ይህ አከፋፈል ይጽና ወይስ ይለወጥ በሚለው ላይ አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ እንድታሰፍሩ እጠይቃለሁ። የቃላት እርማት በኋላ ይደርሳል።

የፊዚክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ክቡር ሰብሳቢ፣ በረቂቁ ላይ የፈሰሰውን ድካም አከብራለሁ፤ አከፋፈሉን ግን አልደግፍም። ታሪክ ለብቻው፣ ፍልስፍና ለብቻው ከተሰጠ ተማሪው በአንዱ የስምና የዘመን ዝርዝር፣ በሌላው የ“ኢዝም” ዝርዝር ሸምድዶ ፈተና ላይ ካራገፈ በኋላ ሁለቱንም ይረሳቸዋል። የምንሻው በእጁ አንድ ነገር ሠርቶ፣ ከሠራው ነገር የተነሣ ጥያቄ ውስጥ የሚገባ ተማሪ ከሆነ ግን ኮርሱ ከሙከራ መጀመር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ እኛ ያለንበት አገር የተመቸ ነው።

በ1640ዎቹ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ አንድ ጫፉ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ሲደፋው፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ጥቂት ወርዶ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንደሚቆም ታየ። ሜርኩሪውን ደግፎ ያቆመው ምንድን ነው? ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል የአየር ክብደት ከሆነ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሜርኩሪው ዝቅ ማለት አለበት ብሎ አሰበና ክሌርሞን ከተማ ለነበረው ለእህቱ ባል ለፔሪዬ ጻፈለት። ፔሪዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ቱቦውን ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ሲወጣ፣ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ በገዳም አትክልት ቦታ ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲመለከተው አደረገ። ተራራው ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አለ፤ የመነኩሴው ቱቦ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ በክፍል ውስጥ ሰፊውን ጊዜ ልሰጥ የምፈልገው ለተራራው ሳይሆን ለመነኩሴው ነው፤ ታች የቀረው ቱቦ ባይኖር ኖሮ “የቀኑ አየር ጠባይ ተለውጦ ይሆናል” ለሚል ተከራካሪ ፔሪዬ ምን ይመልስ ነበር?

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ይዞ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ አንነካውም፤ ሁለት ዲጂታል ባሮሜትሮች (የአየር ግፊት መለኪያዎች) ይበቁናል። ግማሹ ተማሪ ኮምቦልቻ ተቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ ይመዘግባል፤ ግማሹ በሚኒባስ እየወጣ በየመቆሚያው ይመዘግባል። ደሴ ሲደርሱ ግፊቱ ከ50 ሄክቶፓስካል በላይ ቀንሶ ያገኙታል፤ ይህም በሜርኩሪ ሲሰላ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። በዚያው ቀን በሁለቱም ከተማ ውሃ ይፈላ፤ ኮምቦልቻ 94 ዲግሪ፣ ደሴ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። (ንፍሮ ደሴ ላይ ለምን እሳት እንደሚፈጅ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም።)

የፍልስፍና መምህርት፣ ደሴ

የኮምቦልቻው ባልደረባዬ ያቀረቡትን በደስታ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሙከራው ተሠርቶ፣ ስሌቱ ተሰልቶ፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት “አሁን ደግሞ ፍልስፍና” ከተባለ ፍልስፍና የምርቃት ያህል ሆኖ ይቀራል። ጥያቄው ከሙከራው በፊት መነሣት አለበት። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትጠላለች ይሉ ነበርና፣ ተማሪዎቹ ወደ ሐረጎ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ወገን ሆነው ሁለቱም ውጤቱን አስቀድመው ይተንብዩ። ከዚያም የጥላቻው ወገን “ተፈጥሮ ከታች ይልቅ ከላይ ባዶ ቦታን የምትጠላው በጥቂቱ ነው” ብሎ ቢያመልጥ ምን እንላለን? ፓስካል ራሱ ይህን ማምለጫ አስቀድሞ አይቶ፣ ተፈጥሮ በተራራ ግርጌ ከጫፉ አብልጣ ትጠላለች ማለት የማይመስል ነገር ነው ብሎ ነበር። የማይመስል ማለትና ውሸት መሆኑ የተረጋገጠ ማለት ግን አንድ አይደሉም።

ፈላስፋው ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ያነሣውን፣ ማለትም አንድ መላምት ሳይንሳዊ የሚሆነው ሊረታ የሚችልበትን ሁኔታ አስቀድሞ ሲያስታውቅ ነው የሚለውን ሐሳብ፣ ተማሪው ያን ቀን ሳይነገረው ደጁ ላይ ይደርሳል። ንባቡ ከዚያ በኋላ ቢሰጠው የራሱን ጥያቄ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ያገኘዋል። በተረፈ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ዓመት የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ በየዩኒቨርሲቲው ስለሚሰጥ፣ የፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ዓይነቶችን ዝርዝር እዚህ እንዳንደግመው አሳስባለሁ።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

እኔ የፋብሪካ ሰው እንጂ መምህር አይደለሁም፤ ስለዚህ አጭር ነገር ብቻ ልጨምር። ወደ ላቦራቶሪያችን የሚመጡ ጀማሪዎች ካሊብሬሽን (መሣሪያን ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ማመሳከር) ማለት መሣሪያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይመስላቸዋል። ስለዚህ በውሃው ሙከራ ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሳይሆን ሦስት ቴርሞሜትር ይሰጠው፤ ከመካከላቸው አንዱ በዲግሪ ያህል የሚሳሳት ይሁን፣ የትኛው እንደሆነም አይነገር። ሦስቱ ሦስት ቁጥር ሲያሳዩ የትኛውን እንደሚያምኑና ለምን እንደሚያምኑት ይጻፉ። የውሃ መፍላት የቴርሞሜትር መለኪያ ነጥብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ መፍላቱ ግን ከከፍታ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ቴርሞሜትሩን በምን እንፈትነው?

የፍልስፍና መምህርት፣ ደሴ

ይህ የዱኤም ጥያቄ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅና ፈላስፋ ዱኤም እ.ኤ.አ. በ1906 የጻፈው፣ አንድ መላምት ለብቻው ተነጥሎ አይፈተንም፤ ከመሣሪያውና ከሌሎች ግምቶች ጋር በጅምላ ነው የሚፈተነው የሚል ነበር። ሦስቱ ቴርሞሜትሮች በእኔ በኩል ጸድቀዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

ረቂቁን ሳዘጋጅ በዐይነ ኅሊናዬ የነበረው በአሜሪካ አናፖሊስ የሚገኘው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ወጥ መርሐ ግብር ያስተምራል፤ ሁሉም ከኤውክሊድ ጀምረው ሂሳብ ይማራሉ፣ ላቦራቶሪ ይገባሉ፣ የቀደሙትን ሊቃውንት ከራሳቸው ጽሑፍ ያነባሉ። ሁለቱን ኮርሶች ማዋሐዱን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የሴንት ጆንስ አካሄድ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚቀመጡ ጥቂት ተማሪዎች ላይ የቆመ ነው፤ እኛ ዘንድ አንድ ሴክሽን ከ50 ተማሪ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሐሳባችን ውስጥ የክፍሉ ብዛት ከ25 እንዳይበልጥና የፊዚክሱና የፍልስፍናው መምህራን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እንዲገቡ በግልጽ ይጻፍ። ኮሌጁ ይህን ካልፈቀደ የቀረው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፣ ደሴ

ልጆቼ፣ የፈረንሳዩ ተራራ መልካም ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የኛው ባሕረ ሐሳብ ግን ለምን ተረሳ? የ2017ን ልስጣችሁ። 5500 ሲደመር 2017፣ ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት) 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ስለ ዘመን አንድ ሲታተት (ሲቀነስ) ወንበሩ፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተጣለ ትራፊው ሲወሰድ) አበቅቴው፣ ማለትም ከጨረቃ ቆጠራ የሚተርፈው ቀን፣ 1፤ 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ፣ ማለትም የበዓላቱ ማውጫ ቀን፣ 29። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4 ነው፤ 33 ይሆናል፤ 30ው ሲገደፍ ነነዌ የካቲት 3። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12። ደብተሩን ማየት አያስፈልግም። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 የሚሆኑት ለምን እንደሆነ አንድ ተማሪ በአንድ መስመር ማረጋገጥ ይችላል፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ናቸውና።

ወደ ፍልስፍናው ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቀመሩ የቆመው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ነው በሚለው ላይ ነው። እኩል ለመሆን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጎድለዋል፤ ይህም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናልና፣ ዛሬ የቀመሩ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ በጥቂት ቀናት ተለያይተዋል። ተማሪው አበቅቴውን አስልቶ፣ ማታ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ይይና ልዩነቱን ይመዝግብ። ቀመሩ ስለ ሰማይ የተነገረ ዐረፍተ ነገር ነው ወይስ ሕዝብ በአንድ ቀን እንዲያከብር የተደነገገ ሥርዓት?

የታሪክ መምህር፣ ደሴ

ጋሼ ያነሡት ጥያቄ በእኛም ዘንድ በየረመዳኑ ይነሣል፤ ወሩ የሚገባው ሂላል (አዲስ ጨረቃ) በዐይን ሲታይ ነው ወይስ በሥነ ፈለክ ስሌት ጭምር? ከ15 ሰዓት በታች ዕድሜ ያላት ጨረቃ በባዶ ዐይን መታየቷ እጅግ ብርቅ መሆኑን ስሌቱ ይነግረናል፤ አንድ ሰው አይቻለሁ ብሎ ቢመሰክር ግን ምስክርነቱን በስሌት መጣል ይቻላል ወይ የሚለው የማስረጃ ጥያቄ ነው። በወሎ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በሚኖሩበት ከተማ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀርቡ አንዱ ወገን ብቻ የተፈተነ አይመስለውም። በጦሳ ላይ የምንወጣበት ማታም ለሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ደሴ

የሁለቱን መምህራን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሆኖም በሐሳባችን ውስጥ “ኮርሱ በበዓላት ቀን ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ የሚመረምረው የየአቆጣጠሩን ዓይነት ማስረጃ ነው” የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ፣ ከዚያ ሳምንት በፊትም የሁለቱ እምነት አባቶች ጽሑፉን እንዲያዩት እጠይቃለሁ።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፣ ደሴ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ዲፓርትመንቶች ለዋና ኮርሳቸው ሰዓት ሊሻሙ መቻላቸውን አትርሱ። አንድ ኮርስ፣ 3 ክሬዲት፣ ማለትም በሳምንት 2 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ ብለን ብንጠይቅ የመፈቀድ ዕድሉ ይሰፋል። በሁለተኛ ዓመት ሊቀጥል የታሰበው ክፍል ምርጫ ኮርስ ይሁን። ምዘናው ከመቶ 60ው ከሙከራ ደብተር ቢሆን፣ ደብተሩም በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ቢፈቀድ፣ የክፍል ፈተናውም ምርጫ ጥያቄ ባይኖረው እመርጣለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ

በ3 ክሬዲቱ እስማማለሁ። በደብተሩ ላይ ግን አንድ ደንብ ይጨመር፤ የተሰረዘ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፣ ገጽም አይቀደድ። ያልጠበቁትን ውጤት ያገኙ ተማሪዎች እሱን በማስቀረታቸው ነጥብ እንጂ ቅጣት አያገኙም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ደሴ

እስካሁን በተስማማንበት መሠረት አንቀጽ 2 እንዲህ ይነበባል፦ “ማኅበሩ በአንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ‘መለካትና ማወቅ’ የተሰኘ፣ ከ25 በማይበልጡ ተማሪዎች ክፍል በፊዚክስና በፍልስፍና መምህራን በጋራ የሚሰጥ፣ የ3 ክሬዲት ኮርስ እንዲከፈት ይጠይቃል። ኮርሱ በሦስት ክፍሎች፣ ማለትም በአየር ግፊት፣ በቴርሞሜትርና በዘመን አቆጣጠር ላይ ይቆማል፤ በእያንዳንዱም ተማሪው ከሙከራው በፊት ትንበያውን፣ ከሙከራው በኋላ ክርክሩን ይጽፋል።” የንባብ ዝርዝሩን የፍልስፍና መምህርታችንና ጸሐፊያችን አብረው ያዘጋጁ። የመሣሪያ ግዢ ከመጠየቁ በፊት የሐረጎው ሙከራ በእኛው በአባላቱ ይሞከር፤ አንዱ ባሮሜትር በኮምቦልቻው መምህራችን እጅ ይገኛል፣ ሁለተኛውን የሚያውሰን አባል ካለ እስከ ዓርብ ያሳውቀን።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ሁለተኛውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ከመነሣታችን በፊት ግን ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እናነጻጽራቸዋለን።