ውርስ አጣሪ የተከራየ ቤት መሸጥ ይችላል? (አዳማ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን በኑዛዜ ውርስ አጣሪ አድርገውኝ ፍርድ ቤት አጽድቆታል። አዳማ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ መሬት) ላይ ያለ ቤት ነው፤ ሰርቪስ አለው፣ ተከራይ ገብቶበታል። ከወራሾቹ አንዷ አሜሪካ ናት፣ ትንሹ 16 ዓመቱ ነው። ገዢው 200,000 ብር ቀብድ ልስጥ ይላል። ልቀበል?

የፍርድ ቤት ደጅ፦ አይቀበሉ። አጣሪ ዕዳ ይከፍላል፣ ንብረት ያስተዳድራል፤ ቤት ለመሸጥ ግን የወራሾች ሁሉ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለልጁ የሞግዚቱ ፊርማ ብቻውን ስለማይበቃ በቀጥታ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ። የአሜሪካዋ ውክልና «መሸጥ» የሚለውን በግልጽ ይያዝ፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» በሚል ውክልና ቤት አይሸጥም። አባትዎ በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና ካለ በሞታቸው ቀርቷል። እናትዎ ካሉና ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ ግማሹ የእሳቸው ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም።

ካርታና ፕላን፦ ከሁሉ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የድሮው ካርታ በአማርኛ «ወ/ማርያም» ብሎ፣ የሞት ማስረጃው በቁቤ ሙሉውን ሲጽፈው ፋይሉ እዚያው ይቆማል። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ ሰነዶችን አስተርጉመው ይሂዱ። ሰርቪሱስ ፕላኑ ላይ አለ? ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ ለስም ዝውውር ልኬት ሲመጡ ይታያል። ሌላው፣ በአዋጅ 721/2004 ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባር እንደሆነ ይቀጥላል፤ ሲሸጥ ግን ገዢው ሊዝ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ለመሬቱ ለመንግሥት የሊዝ ክፍያ ይከፍላል። ገዢው ይህን ዘግይቶ ከሰማ ዋጋ ማስቀነሱ አይቀርም።

ግብር ከፋይ፦ «መኖሪያ ቤት ግብር የለውም» የሚሏችሁን ደላሎች አትስሙ። ነፃ የሚሆነው ከሽያጩ በፊት 2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለግል መኖሪያነት ያገለገለ ቤት ነው፤ የተከራየ እዚያ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። አለዚያ 15 ከመቶ ይከፈላል፤ ከጠቅላላ ዋጋው ሳይሆን ከጥቅሙ (ከሽያጩ ትርፍ) ላይ። ወጪው ከጥቅሙ ስለሚቀነስ የማሻሻያ ሥራ ደረሰኞችን አትጣሉ። የኪራይ ገቢ ግብር ውዝፍ ካለ ክሊራንስ (ከግብር ዕዳ ነፃ መሆን ማስረጃ) አይገኝም። ተከራዩ በቅድሚያ የከፈለውም በውሉ ይጻፍ።

ጠያቂ፦ ቀብዱን ብቀበል ችግሩ ምንድን ነው? ገዢው እንዳያመልጥ ብዬ ነው።

የፍርድ ቤት ደጅ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። ፈቃዱ ቢከለከል 400,000 ብር ሊጠየቁ ነው፤ እሱም ከውርሱ ሳይሆን ከራስዎ ኪስ ሊሆን ይችላል። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ሰነዶች ማረጋገጫ ካልተመዘገበ፣ ደላላ ፊት መፈረሙ አያጸናውም።