ድምፅ ሲዘጋ በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ምን ይገዛል፣ የት ይኬዳል?

እህቴ፣ የታክሲ ረዳት የሆኑት ባለቤትዎ ድምፃቸው ከተዘጋ አምስት ሳምንት እንዳለፈው ገልጸው፣ ጥሩ ሽሮፕና የሚገኝበትን ፋርማሲ እንድንጠቁምዎ ጠይቀዋል። ጎረቤቶችም ማርና ዝንጅብል፣ የሚመጠጥ ክኒን፣ አሞክሳሲሊን እያሉ መልሰዋል። የእኔ ጥቆማ ከሽሮፑ በፊት ሳምንቱ ይቆጠር የሚል ነው፤ አምስት ቀን የተዘጋ ድምፅና አምስት ሳምንት የተዘጋ ድምፅ ሕክምናቸው ለየቅል ነውና።

ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚወጣው አየር ሲርገበገቡ ነው። በተራ ንግግር ጊዜ የወንድ አውታሮች በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል እየተጋጩ ይለያያሉ። ጉንፋን ሲይዘን አውታሮቹ ስለሚያብጡ ድምፃችን ይሻክራል ወይም ጨርሶ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። መንስኤው ባብዛኛው ቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይጠቅመውም። አራት ሳምንት አልፎት ያልተመለሰ ድምፅ ግን ምክንያቱ ምን እንደሆነ አውታሮቹን በዓይን ሳያይ ማወቅ የሚችል ሰው የለም፤ ፋርማሲስቱም፣ ጎረቤትም፣ እኔም።

ይህን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። የሦስተኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ አምና ዝናቡ አቁሞ የሰፈራችን አቧራ ሲነሣ፣ ጥቅምት ላይ ድምፄ ተዘጋ። አንድ መድኃኒት ቤት ምንም ሳይጠይቀኝ አንቲባዮቲክ ሸጠልኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር የሄድሁበት ክሊኒክ ደግሞ ጉሮሮዬን በባትሪ አይቶ ደም አስመረመረኝ፤ ድምፅ ተዘግቶብኝ ሄጄ የታይፎይድና የታይፈስ መድኃኒት ይዤ ተመለስሁ። በባትሪ የሚታየው እንጥልና ቶንሲል እንጂ የድምፅ አውታር እንዳልሆነ ያወቅሁት በሰባተኛው ሳምንት፣ አንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ስደርስ ነው። ሐኪሟ አፍንጫዬን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነፍታ፣ ከእስክርቢቶ የቀጠነ ተጣጣፊ ገመድ አስገባችና «‹ኢ› ይበሉ» አለችኝ። በስክሪኑ ላይ ሁለት ነጫጭ አውታሮች እንደ መቀስ ሲገጥሙ አየሁ፤ መካከላቸው ላይ ግን ፊት ለፊት የበቀሉ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት እብጠቶች ስላሉ ከላይና ከታች ክፍተት ይቀር ነበር። ድምፄ እየሾለከ የሚወጣው በዚያ ነበር። በጩኸት የሚመጣ ነው፤ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገኝም፣ አነጋገሬን ማስተካከል ነበረብኝ።

ስለሚገዛው ነገር በአጭሩ ልናገር። ማርና ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አውታሮቹን ግን አይነካቸውም፣ የዋጥነው ሁሉ በሌላ ቱቦ ያልፋልና። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር መስጠት አደገኛ ነው። እንደ ስትሬፕሲልስ ያለው የሚመጠጥ ክኒን ሕመሙን ያስታግሳል፤ ሜንቶል የበዛበትን ከረሜላ ግን አልመክርም፣ ጉሮሮን ያደርቃል። «መርፌ ቶሎ ይከፍተዋል» ለሚሉት፣ የስቴሮይድ መርፌ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወጋ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከመዳረግ በቀር ለድምፅ ፋይዳ የለውም። ከገዛሁት ሁሉ ገንዘቤን ያልቆጨኝ መርካቶ ያገኘሁት፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ውኃና ዝምታ ግን ገንዘብ አያስወጡም። ማንሾካሾክ ዕረፍት ይመስላል እንጂ አውታሮቹን ይበልጥ ሊያደክም ስለሚችል፣ መናገር ግድ ከሆነ ሳይጮኹ፣ ሳያንሾካሹኩም፣ በተለመደው ድምፅ ቀስ ብሎ ይነገር።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ መድኃኒት በሐኪም ከታዘዘ በኋላ ዋጋውን መጀመሪያ በከተማ አስተዳደሩ ከነማ ፋርማሲ ጠይቆ ከግሉ ጋር ማነጻጸር ልማዴ ነው። ለምርመራ ግን ከጤና ጣቢያ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ካላችሁ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል፤ ባለቤትዎ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለባቸው የአክታ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ማንቁርትንም ሊያጠቃ ይችላል፤ ምርመራውና ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። በክፍለ ከተማችን ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ወረፋ መጠበቅን ግን የግድ ይላል። የግል ክሊኒክ ከመረጣችሁ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ማንቁርት የሚታይበት ካሜራ አላችሁ?» የለንም ካሉ፣ ክሊኒኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ሕመም ጉዞው ከንቱ ነው።

አራቱን ሳምንት መጠበቅ የሌለባቸውም አሉ። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ደም የቀላቀለ አክታ ያለው፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያወጣ፣ ምግብ መዋጥ የከበደው፣ ወይም ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ ድምፁ የተለወጠ ሰውም ፈጥኖ መታየት አለበት፤ ወደ ድምፅ አውታሮች የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በእንቅርት እጢ ጀርባ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ ሰው ላይ ደግሞ የማንቁርት ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ቶሎ ከተገኘ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ባለቤትዎ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ አልነገሩንም፤ ለሐኪሙ ግን ሳይደብቁ ይንገሩ። ጨጓራ ካለባቸው፣ በተለይ ጠዋት አፋቸውን የሚመራቸው ከሆነ፣ ይህንንም ይጨምሩ፤ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ድምፅን ያሻክራልና። እስከዚያው «መገናኛ፣ መገናኛ» የሚለውን ጥሪ ለተራ አስከባሪው ይተዉለት።