በጋላክሲ አፈጣጠር ለዶክትሬት ሥልጠና ለማመልከት ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የአስትሮፊዚክስ ባለሙያዎች፣ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው ሱሉልታ ሲሆን፣ የማስተርስ ትምህርቴን አጠናቅቄ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚደገፉት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች (ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ተጣምረው ተማሪዎችን የሚያሠለጥኑባቸው መርሐ ግብሮች) በጋላክሲ አፈጣጠር ዘርፍ ለሚያወጧቸው የሥልጠና ቦታዎች ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። በመስፈርቱ በኩል ችግር የለብኝም፤ የዶክትሬት ዲግሪ የለኝም፣ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወራት በላይ መኖርን የሚከለክለው ደንብም አይመለከተኝም።

የተቸገርኩት በምርምር ልምዱ ነው። ግዙፍ ጋላክሲዎች ኮከብ መፍጠር የሚያቆሙበትን ምክንያት፣ በተለይም በማዕከላቸው ያለው ብላክ ሆል የሚለቀው ኃይል ጋዙን በማሞቅና ወደ ውጭ በመግፋት ያለውን ድርሻ፣ የጋላክሲዎችን አፈጣጠር በኮምፒውተር በሚያስመስለውና ለሁሉም ክፍት በሆነው የኢለስትሪስ ቲኤንጂ ሲሙሌሽን ማጥናት እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ ሙሉው መረጃ በቴራባይት የሚለካ በመሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ በሚጠፋበት በእኛ ሰፈር ማውረዱ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጋላክሲ የከዋክብት ክብደት፣ የጋዝ መጠንና ኮከብ የመፍጠር ፍጥነት በያዘው፣ እጅግ አነስተኛ በሆነው ካታሎግ ላይ ብቻ በላፕቶፔ እሠራለሁ፤ እሱንም ቢሆን የማወርደው ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲሻል፣ እየከፋፈልኩ ነው።

በካታሎግ ብቻ የተሠራ ጥናት አመልካቾችን በሚመርጡት ዘንድ በቂ ልምድ ሆኖ ይቆጠራል? ወይስ ውጤቱን ከስሎን የሰማይ ቅኝት የቴሌስኮፕ ምልከታዎች ጋር ማነጻጸር ይኖርብኛል? ከማመልከቻው በፊት ለአማካሪ ፕሮፌሰሩ ኢሜይል መጻፍስ ተገቢ ነው? ይህን መንገድ ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።