ፎስተር ልጃችን 18 ሊሞላው ነው፣ ፈርሜ እወጣለሁ እያለ ነው

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አሜሪካ ሜሪላንድ ነን፣ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ በፎስተር (መንግሥት በአደራ ሰጥቶን) እኛ ጋ ያለ የሐበሻ ልጅ አለን። በሚቀጥለው ወር 18 ይሞላዋል ሃይስኩል ገና አልጨረሰም፣ ግን ፍርድ ቤቱም ሶሻል ወርከሩም ሰልችቶኛል ብሎ ድርቅ ብሏል። እኛ ጋ ቢቀመጥ ደስታችን ነው፣ ከፎስተር ሲስተሙ ሲወጣ ግን ምን ይቀርበታል? የምታውቁ እባካችሁ

አባ መላ፦
እህቴ ምን አስጨነቀሽ፣ እኛ አገር ልጅ 18 ሞላህ ተብሎ ይባረራል እንዴ? ቤት አለው በቃ።

ያለፈችበት፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን ቤት ብቻ አይበቃም፣ እኔም በፎስተር ነው ያደግኩት። እትዬ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እየተማረ ወይ እየሰራ ከሆነ እስከ 21 መቆየት ይችላል። ቢያንስ ሃይስኩል እስኪጨርስ ይታገስ ይበሉት፣ የስቴቱ ኮሌጆች የፎስተር ልጆችን የትምህርት ክፍያ ነጻ ያደርጋሉ፣ ለሱ ግን ሃይስኩል ሲጨርስ ፎስተር ውስጥ መሆኑን ነው የሚያዩት እና አሁን ከወጣ ሊያመልጠው ይችላል!! ኢቲቪ የሚባል የፎስተር ልጆች የትምህርት ድጎማ ደግሞ አለ (የአገራችን ቴሌቪዥን አይደለም ሃሃ) በዓመት እስከ 5,000 ዶላር። ፋፍሳ (የመንግሥት የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞላ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ሜዲኬይዱ (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሱ) 18 ሲሞላው ፎስተር ውስጥ ከነበረ እስከ 26 ይቀጥላል፣ እሱ ላይ አይጨነቁ።

ኬዝ ወርከር ነበርኩ፦
ወረቀቶቹን አትርሺ። በርዝ ሰርተፍኬት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የህክምና ሪከርድ፣ መታወቂያ፣ እነዚህን ሳይሰጡት ማስወጣት አይችሉም፣ የፌደራል ህግ ነው። ክሬዲቱንም (በስሙ የተወሰደ ብድር ካለ የሚያሳየውን ሪፖርት) ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ማየት ነበረባቸው ጠይቂ፣ በልጅ ስም ክሬዲት ካርድ የሚያወጣ ዘመድ አይጠፋም። እዚህ ካልተወለደ ደግሞ የግሪን ካርዱ ነገር ሳያልቅ ኬዙ እንዳይዘጋ፣ እሱን ከጠበቃው ጋር ተነጋገሩ። ስሙን ግን እዚህ እንዳትጽፊ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ተባረኩ፣ የኮሌጁን ነገር ማንም አልነገረንም! ጠበቃው ግን ስልክ አያነሳም ምን ላድርግ

ኬዝ ወርከር ነበርኩ፦
በኢሜይል ጻፊለት፣ ማስረጃ ይሆንሻል። የፍርድ ቤቱ ሂሪንግም (ችሎት) ላይ ሂጂ፣ ፎስተር ወላጅ ቀኑ ሊነገረውና ሊናገር መብት አለው፣ ዝም ብለሽ ኋላ እንዳትቀመጪ።