ሌሊት የውኃ ቱቦ ፈንድቶ ቤቴን አበላሸው፤ ኢንሹራንስ ይሸፍናል?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ቤቱ በባንክ ብድር የተሠራ ነው። ውኃ ጠፍቶ ሰንብቶ ትናንት ሌሊት በኃይል ሲመጣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው ቱቦ) ፈነዳ። ተኝተን ነበር። ስንነሳ ሳሎኑ ውኃ ተኝቶበታል፣ ምንጣፉና ሶፋው ርሷል፣ የቁም ሳጥኑ ኤምዲኤፍ አብጦ በሩ አልዘጋ ብሏል፣ ፍሪጁም አልነሳ አለ። ባንኩ ግዴታ ስላደረገብን በየዓመቱ የምንከፍለው ኢንሹራንስ አለ፤ ወረቀቱ ግን «የእሳትና መብረቅ» ነው የሚለው። ለውኃ ይሠራል? ባለቤቴ ለሥራ ጅቡቲ ነው፣ የምይዘው የምለቀው ጠፍቶኛል።

ከዚራ
አይዞሽ እህቴ። ኢንሹራንስ ቤት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ርዕሱን አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ። እሳትና መብረቅ ብቻ ከሆነ ውኃን አይነካም፣ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ውል ጋር የተያያዘ ወረቀት አለ፤ እዚያ ላይ ትንሽ አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ክፍያ) ተጨምሮበት ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አመፅ፣ እንዲሁም የውኃ ታንከርና ቧንቧ መፈንዳት ወይም ሞልቶ መፍሰስ ይገባል። ያንን የመጨረሻውን መስመር ፈልጊ። ካለ አንቺን የሚመለከት ነው።
ሌላው፣ ምን ነው ዋስትና የተገባለት? ባንክ የሚፈልገው ያበደረበትን ሕንፃ ነው። ሶፋውና ፍሪጁ በውሉ ለብቻ ካልተጠቀሱ የሚከፈልሽ ለግድግዳው፣ ለወለሉ፣ ለቀለሙ፣ ከቤቱ ጋር ለተገጠመው ነገር ነው። የፈነዳውን ፍሌክሲብልም ራሱን ብዙ ጊዜ አይከፍሉም፤ የሚከፍሉት ውኃው ያበላሸውን ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ የማልል
ቀን እንዳያልፍብሽ! የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ የኢንሹራንሱ ክፍል አሁንም የሚሠራ ነው፣ አደጋውን ባወቅሽ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ አሳውቂ ይላል። ዛሬውኑ ደውይ፣ ግን በስልኩ ብቻ አትተማመኚ፤ ደብዳቤ ጽፈሽ ኮፒው ላይ ማህተምና ቀን አስደርጊበት። ለባንኩም አንድ ኮፒ ስጪ። ውሉ ላይ ባንኩ ተጠቃሚ ተብሎ ከተጻፈ ካሳው በእሱ በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

ሳኒተሪ ሠራተኛ
እባክሽ ያንን የፈነዳ ፍሌክሲብል እንዳትጥይው!! በፌስታል አድርገሽ አስቀምጪ። ገማቹ (ጉዳቱን እንዲያይ ኢንሹራንሱ የሚልከው ሰው) መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው፣ ምክንያቱም በድንገት የተቀደደና ዝጎ ዝጎ ያለቀ ቱቦ ሲታይ ይለያል። የእኛ ከተማ ውኃ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ኖራው ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧና ቫልቭ ላይም ይጋገራል። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ አየርና ግፊት አብሮ ይመጣል፣ ደካማዋን ቦታ መትቶ ይወጣል። ብዙ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው። ማታ ስትተኙ ወይም ስትወጡ ዋናውን ቫልቭ ዝጉት፣ የሮቶውንም ጭምር።

ሐረር ጀጎል
ከሐረር ነኝ። የአጎቴ ቤት ላይ የደረሰውን ልጻፍ፣ ይጠቅምሻል። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ኖሮ አንድ ቀን ኮርኒሱ ወረደ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ገማቹ ግድግዳው ላይ የቆየ ቡናማ እድፍና ሻጋታ አገኘ፣ «ይሄ ድንገተኛ አይደለም፣ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፣ መጠገን ነበረባችሁ» ብሎ ጻፈ። አጎቴ በጣም አዘነ፣ ግን ውሉም እንደዚያ ነበር የሚለው። ያንቺ በአንድ ሌሊት የሆነ ስለሆነ መልኩ ሌላ ነው። የሆነውን እንደሆነው ተናገሪ፣ ምንም አትጨምሪ።

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! አባሪ ወረቀቱን አገኘሁት፣ የቧንቧ መፈንዳት አለበት 🙏 ዕቃ ግን አልተጠቀሰም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ገማቹ እስኪመጣ ውኃውን አላጽዳ? ደግሞ ቤቱ የተገመተው ብድሩን ስንወስድ በነበረው ዋጋ ነው፣ ችግር አለው?

ከዚራ
ውኃውን አውጪ፣ እንዲያውም ግዴታሽ ነው፤ ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ ያለብሽ አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ግን የሶኬቱን መስመር ከቆጣሪው አጥፊ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጪ፣ ውኃው ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደደረሰ ይታይ። የተበላሸውን ዕቃ አውጥተሽ አድርቂ እንጂ አትጣይ፣ አትሽጪ። የጥገና ፕሮፎርማ ከተለያየ ቦታ አስወጪ።
የዋጋው ነገር ግን ያሳስበኛል። ለምሳሌ ቤቱ ዛሬ 6 ሚሊዮን ብር እያወጣ ዋስትናው 3 ሚሊዮን ላይ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው ያስገባሽው። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 100,000 ይሆናል፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ (አንቺ ራስሽ የምትችይው ድርሻ) ይቀነሳል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የት እንደደረሰ እያየን ነው፣ ብዙ ሰው የድሮ ግምቱን እያደሰ ይከፍላል። ስታድሺ ግምቱን አስከልሺ፣ ዕቃውንም በዝርዝር አስገቢ።

ደቻቱ ዳር
እኔም ልጠይቅ፣ ቧንቧው ካለ ጎርፍም አለ ማለት ነው?

ከዚራ
አይደለም፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ቧንቧ ማለት ከቤቱ መስመር የወጣ ውኃ ነው፣ ጎርፍ ደግሞ ከውጭ የሚገባው። የ1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከ200 በላይ ሰው ነው የበላው፣ ቤትማ ስንቱ ሄደ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ሆነሽ ወይም ሆነህ «ጎርፍ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ከሌለ ክረምቱ ሳይገባ አስጨምሩ።

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ደወልኩ፣ ነገ ጠዋት ገማች እንልካለን ብለዋል። ደብዳቤውንም ይዤ እሄዳለሁ።

ሳኒተሪ ሠራተኛ
ጥሩ። አዲሱን ፍሌክሲብል ስትገዢ ርካሹን አትውሰጂ፣ ሽቦ የተጠለፈበትን ጠይቂ፣ ደረሰኙንም ያዢ። የሽንት ቤቱንና የኩሽናውንም አብረሽ አስቀይሪ፣ እድሜያቸው አንድ ነው።